የድራግ እሽቅድምድም ሞተሮች መፈንዳታቸው አይቀርም፤ የደኅንነት ደንቦቹ ታዲያ ምንን ይከላከላሉ?

በአውሮፓውያኑ ጁን 23 ቀን 2024 በአሜሪካዋ ቨርጂኒያ ግዛት በተካሄደ የድራግ እሽቅድምድም፣ የ75 ዓመቱ ጆን ፎርስ በሰዓት 486 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረ የመጨረሻው መስመር ላይ ሲደርስ የመኪናው ሞተር ፈነዳ። መኪናው አቅጣጫውን ስቶ ከኮንክሪት ግድግዳ ጋር ተጋጨ። የ16 ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው ፎርስ አንጎሉ ላይ ከባድ ጉዳት ደርሶበት ለሳምንታት ሕክምና ላይ ቢቆይም ሕይወቱ ተርፏል።

ከዚያ 16 ዓመታት ቀደም ብሎ፣ ጁን 21 ቀን 2008፣ በኒው ጀርዚ ግዛት የተወዳደረው ስኮት ካሊታ ግን አልተረፈም። የእርሱም መኪና ሞተር የፈነዳው ወደ መጨረሻው መስመር ሲቃረብ ነበር።

እነዚህ ሁለት አደጋዎች ከስፖርቱ ጋር አብሮ የኖረ አንድ እውነታን ያሳያሉ። በዓለም ላይ ካሉ የእሽቅድምድም መኪኖች ሁሉ እጅግ ኃይለኛ የሚባሉት ሞተሮች አንዳንዴ ይፈነዳሉ። የስፖርቱ አስተዳዳሪዎችም ፍንዳታውን ጨርሶ የሚያስቀር ደንብ ለማውጣት ቃል ገብተው አያውቁም። በየጊዜው ግዴታ የሚሆኑት የሞተር ዕቃዎች ደንቦች የሚመልሱት ሌላ ጥያቄ ነው፤ ሞተሩ ሲፈነዳ ስብርባሪው ወዴት ይሄዳል? ከፍንዳታው በኋላ ባለችው አንዲት ሰከንድ ውስጥስ መኪናውን ማን ያቆመዋል?

ከአራት ሰከንድ ያነሰ ውድድር

የድራግ እሽቅድምድም መታጠፊያ የለውም። ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ቆመው፣ መብራት ሲበራ ቀጥ ባለ ጎዳና ላይ ይፈተለካሉ፤ ቀድሞ የደረሰው ያሸንፋል፤ የተሸነፈው ከውድድሩ ይሰናበታል።

በአሜሪካ ስፖርቱን የሚመራው ትልቁ አካል በ1951 በዋሊ ፓርክስ የተመሠረተው ብሔራዊ የሆት ሮድ ማኅበር (ኤንኤችአርኤ) ነው። የማኅበሩ ቁንጮ የውድድር ዘርፎች ሁለት ናቸው። “ቶፕ ፊውል” የሚባሉት ረጅምና ቀጭን ሆነው ሞተራቸው ከአሽከርካሪው ኋላ የተቀመጠ ነው። “ፈኒ ካር” የሚባሉት ደግሞ አጠር ያሉ፣ መደበኛ መኪና የሚመስል ከካርቦን ፋይበር የተሠራ ቅርፊት የለበሱ ሲሆኑ ሞተራቸው ከአሽከርካሪው ፊት ለፊት ይገኛል። ፎርስም ሆነ ካሊታ አደጋው ሲደርስባቸው ያሽከረክሩ የነበሩት ፈኒ ካር ነው።

በሁለቱም ዘርፎች ሞተሩ 8.2 ሊትር ገደማ መጠን ያለው ባለ ስምንት ሲሊንደር ነው። ኃይሉ 11,000 የፈረስ ጉልበት አካባቢ እንደሚደርስ ይገመታል። ይህ ከመቶ ያላነሱ ተራ የቤት መኪኖች ሞተሮች ተደምረው ከሚሰጡት ጉልበት ጋር የሚቀራረብ ነው። መኪናው የውድድሩን ርቀት ለመጨረስ አራት ሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም።

ስፖርቱ በአሜሪካ ተወስኖ የቀረ አይደለም። በባሕረ ሰላጤው አገራት፣ በተለይ በኳታር፣ በባሕሬንና በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ለድራግ ውድድር የተሠሩ ጎዳናዎች አሉ። በኳታሩ ሼኽ ኻሊድ ቢን ሐማድ አል-ታኒ ባለቤትነት የተቋቋመው አል-አናቢ ቡድንም በ2010፣ በ2011 እና በ2013 የአሜሪካውን የቶፕ ፊውል ሻምፒዮና አሸንፏል። በ2012 ይህንኑ ዋንጫ ያነሳው አንትሮን ብራውን ደግሞ በአሜሪካ ከዋና ዋናዎቹ የመኪና እሽቅድምድም ሻምፒዮናዎች አንዱን በማሸነፍ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ሆኗል።

ሞተሩ ለምን ይፈነዳል?

መልሱ የሚጀምረው ከነዳጁ ነው። እነዚህ መኪኖች የሚጠቀሙት ቤንዚን ሳይሆን እስከ 90 በመቶ ናይትሮሜቴን የሆነ ድብልቅ ነው። ናይትሮሜቴን በውስጡ የራሱን ኦክስጅን የያዘ ፈሳሽ ነው። አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን በአግባቡ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም አየር ሲፈልግ፣ ለአንድ ኪሎ ግራም ናይትሮሜቴን 1.7 ኪሎ ግራም አየር ይበቃዋል።

በክብደት ሲለካ ናይትሮሜቴን የሚሰጠው ሙቀት ከቤንዚን ሩብ ያህል ብቻ ነው። ነገር ግን በዚያው አየር ከስምንት እጥፍ በላይ ነዳጅ ማቃጠል ስለሚቻል፣ ሞተሩ የሚያገኘው ጉልበት ቤንዚን ቢጠቀም ከሚያገኘው ከሁለት እጥፍ ይበልጣል። በዚህ ላይ ሱፐርቻርጀር የተባለው፣ አየር በኃይል እየጨመቀ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው መሣሪያ ሲታከልበት ጉልበቱ ይባዛል።

አደጋውም የሚመጣው ከዚሁ ነው። በእያንዳንዱ ሲሊንደር ውስጥ የሚገባው ነዳጅ እጅግ ብዙ ስለሆነ ከጋዝ ይልቅ ወደ ፈሳሽነት ያደላል። በእያንዳንዱ ሲሊንደር ላይ ሁለት ሁለት ካንዴላ የሚገጠመውም ይህን የራሰ ድብልቅ ማቀጣጠል ከባድ በመሆኑ ነው። እነዚያ ካንዴላዎች በአንዱ ሲሊንደር ውስጥ ቢጠፉ ነዳጁ ሳይቃጠል ይጠራቀማል። ፈሳሽ ደግሞ እንደ አየር አይጨመቅም። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ ግድግዳ እንደመታ ይቆጠራል፤ ፒስተኑን ከታች የሚገፋው ቢየላ ይታጠፋል፣ ቴስታታው ከቦታው ይነቀላል፣ የሞተሩ ግንድም ሊሰነጠቅ ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ በእሳት በኩል ነው። የአየርና የነዳጅ ማስገቢያው ቫልቭ ቢሰበር ወይም ሳይዘጋ ቢቀር፣ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው እሳት ወደ ኋላ ተመልሶ በነዳጅ ጭጋግ የተሞላውን ማስገቢያ ያቀጣጥለዋል። ያን ጊዜ ከሞተሩ በላይ የተቀመጠው ሱፐርቻርጀር እንደ ቦምብ ከቦታው ሊወነጨፍ ይችላል።

የሞተሩ ሌላ ጠባይ አደጋውን ያብሰዋል። ውድድሩ አጋማሽ ላይ ሲደርስ የካንዴላዎቹ ጫፍ በሙቀት ተበልቶ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ሞተሩ የሚሠራው በራሱ ግለትና በግፊት ነው። ስለዚህ እንደ ቤት መኪና ቁልፍ አዙሮ ማጥፋት አይቻልም። ማቆሚያው ነዳጁን መቁረጥ ብቻ ነው።

በአካልና በሕይወት የተጻፉ ደንቦች

በስፖርቱ የመጀመሪያ አሥርት ዓመታት አሽከርካሪዎች የሚቀመጡት ከሞተሩ ኋላ፣ በፍሪሲዮኑና በካምቢዮው ላይ እግራቸውን አንፈራጠው ነበር። በደቂቃ በሺዎች ጊዜ የሚሽከረከር የፍሪሲዮን ሸክላ ወይም ቮላኖ ሲበተን፣ ስብርባሪው እንደ መጋዝ መኪናውን ለሁለት ሊቆርጠው ይችላል።

የደረሰውም ይኸው ነው። በዲሴምበር 1967 በካሊፎርኒያ ማይክ ሶሮኪን የተባለ አሽከርካሪ የመኪናው ፍሪሲዮን ፈንድቶ ሕይወቱ አለፈ። ማርች 8 ቀን 1970 ደግሞ በሎንግ ቢች በሚገኘው ላየንስ የውድድር ስፍራ፣ በዘመኑ ከሁሉ የላቀ ዝና የነበረው ዶን ጋርሊትስ ከመነሻው መስመር ሲወጣ ካምቢዮው ፈነዳ። መኪናው ለሁለት ተቆረጠ። ጋርሊትስ የቀኝ እግሩን የፊት ክፍል አጣ። ከተመልካቾች መካከልም አንድ ወጣት ክንዱ ላይ ከባድ ጉዳት ደረሰበት።

ጋርሊትስ አደጋውን ካሰላሰለ በኋላ ወደ ውድድር የተመለሰው ሞተሩን ከአሽከርካሪው ኋላ ባደረገ መኪና ነበር። ሌሎች ከዚያ በፊት ሞክረውት ያልተሳካላቸውን ይህን አሠራር ይዞ በ1971 በፖሞና የተካሄደውን ትልቅ ውድድር አሸነፈ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሞተራቸው ከፊት የሆነ የቶፕ ፊውል መኪኖች ከሜዳው ጠፉ። ያ ለውጥ የመጣው በደንብ ሳይሆን በአንድ ሰው እግር ነው። ከዚያ ወዲህ የወጡት አብዛኞቹ ደንቦችም መነሻቸው ተመሳሳይ ነው፤ አደጋ ይደርሳል፣ የተሰበረው ዕቃ ይመረመራል፣ ቀጥሎ መከላከያው ግዴታ ይሆናል።

ዛሬ ግዴታ የሆኑት ምን ምን ናቸው?

የመጀመሪያው የፍሪሲዮኑ ጋሻ ነው። ፍሪሲዮኑና ቮላኖው በቲታኒየም በተሠራ ጠንካራ ቤት ውስጥ እንዲታሸጉ ይደረጋል። በአንድ ውድድር የፍሪሲዮኑ ሸክላዎች እርስ በርስ እስኪጣበቁ ድረስ ሊግሉ ይችላሉ። የጋሻው ሥራ ሸክላው ቢበተን እንኳ ቁርጥራጩ ከውስጥ እንዳይወጣ ማድረግ ነው።

ሁለተኛው የሱፐርቻርጀሩ ማሰሪያ ነው። ጥይት በማይበሳው ልብስ ውስጥ ከሚገኘው ጨርቅ ጋር በሚመሳሰል ጠንካራ ድርና ማግ የተሠሩ ቀበቶዎችና ብርድ ልብስ መሰል ሽፋኖች ሱፐርቻርጀሩን ከሞተሩ ጋር ያስሩታል። ቢነቀል እንኳ ወደ ተመልካች እንዳይወረወር፣ ቁርጥራጩም እንዳይረጭ ያግዱታል።

ሦስተኛው ሆን ተብሎ ደካማ የተደረገ ዕቃ ነው። በሱፐርቻርጀሩ ሥር ባለው የአየር ማስገቢያ ላይ የሚገጠም ቀጭን የብረት ገበታ፣ እሳት ወደ ኋላ ሲመለስ ከሌሎቹ ዕቃዎች ሁሉ ቀድሞ እንዲቀደድ ተደርጎ ይሠራል። ግፊቱ በዚያ ቀዳዳ ስለሚወጣ ሱፐርቻርጀሩ የመወንጨፍ ዕድሉ ይቀንሳል። በየቤቱ የሚገኘው የእንፋሎት ድስት ያለችው የማስተንፈሻ መክደኛ የምትሠራው በዚሁ መርህ ነው።

አራተኛው ከሞተሩ ሥር የሚታሰረው ሽፋን ነው። የሞተሩ ሆድ ተቀዶ ቢየላ ቢወጣ ብረቱንም ዘይቱንም ይይዛል። ዘይቱን መያዝ ትንሽ ነገር አይደለም፤ በመቶ ኪሎ ሜትሮች ፍጥነት የሚመጣ ጎማ ዘይት ላይ ቢያርፍ ቀጣዩ ተወዳዳሪ መሪውን መቆጣጠር አይችልም። ጎዳናውን በዘይት የበከለ ቡድን በነጥብና በገንዘብ የሚቀጣውም ለዚህ ነው።

ከእነዚህ በተጨማሪ ሞተሩ ከተወሰነ ዙር በላይ እንዳይሽከረከር የሚገታ መሣሪያ አለ። የተሽከረከረ ብረት የሚበተንበት ኃይል ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ በዙር ላይ የሚደረግ ትንሽ ቅነሳ በዕቃዎቹ ላይ የሚያርፈውን ጫና በብዙ ያቃልለዋል።

የካሊታ ሞት የለወጠው

የ1994 እና የ1995 የቶፕ ፊውል ሻምፒዮን የነበረው ስኮት ካሊታ ሲሞት 46 ዓመቱ ነበር። በኢንግሊሽታውን ሞተሩ ከፈነዳ በኋላ መኪናው በእሳት ተያያዘ። መኪናውን ከኋላ ይዞ ማቆም የነበረባቸው ፓራሹቶች ተጎድተው ሥራቸውን አልሠሩም። መኪናው ፍጥነቱን ሳይቀንስ የጎዳናውን መጨረሻ አልፎ ወጣ።

አደጋው ደንብ አውጪዎቹን አንድ ነገር አስተማራቸው። ሞተሩን ብቻ በጋሻ መሸፈን አይበቃም፤ ፍንዳታው ያሽከርካሪውን እጅና ዓይን በሚያሰናክልበት ቅጽበት መኪናው ራሱን በራሱ ማቆም አለበት።

ማኅበሩ ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የሁለቱን ዘርፎች የውድድር ርቀት ከ402 ሜትር ወደ 305 ሜትር አሳጠረ። ጊዜያዊ ተብሎ የተጀመረው ይህ ውሳኔ ቋሚ ሆኖ ቀጥሏል። የተቀነሰው 97 ሜትር መኪኖቹ ከፍተኛውን ፍጥነት የሚይዙበት፣ ሞተሩም እጅግ የሚጨነቅበት ክፍል ነበር። አሁን ያ ርቀት ለማቆሚያ ውሏል።

ቀጥሎ የመጣው አውቶማቲክ ማቆሚያ ነው። በፈኒ ካር ላይ ያ ደካማ የብረት ገበታ ሲቀደድ አነፍናፊ መሣሪያ ይህን አውቆ ነዳጁን ይቆርጣል፣ ፓራሹቶቹንም ይለቃል። ከመጨረሻው መስመር ባሻገርም ምልክት የሚልክ መሣሪያ ይተከላል፤ አሽከርካሪው ራሱን ስቶ ሞተሩን ሳያጠፋ ቢያልፍ መኪናው ምልክቱን ተቀብሎ ነዳጁን ይዘጋል። የፓራሹቶቹ ማሰሪያዎችም እሳትን በሚቋቋም ጨርቅ እንዲሸፈኑ ተደረገ።

ማረጋገጫውን የሚሰጠው ማን ነው?

ደንብ ማውጣት አንድ ነገር ነው፤ የተገጠመው ጋሻ በእርግጥ ጋሻ መሆኑን ማወቅ ሌላ። ለዚህ ሥራ ስፖርቱ የሚደገፈው በካሊፎርኒያ በሚገኘው ኤስኤፍአይ ፋውንዴሽን ላይ ነው። ተቋሙ ለትርፍ የቆመ አይደለም። ለእያንዳንዱ ዕቃ፣ ለፍሪሲዮን ጋሻ፣ ለሱፐርቻርጀር ማሰሪያ፣ ለአሽከርካሪ ልብስና ለደኅንነት ቀበቶ ዝቅተኛውን መስፈርትና የፍተሻ ዘዴ ያወጣል።

አሠራሩን በትክክል መረዳት ያስፈልጋል። ዕቃው መስፈርቱን ማሟላቱን በፍተሻ አስደርጎ የሚያረጋግጠው አምራቹ ነው። ተቋሙ ደግሞ የፍተሻውን ውጤት ይቀበላል፣ ከገበያ ላይም ናሙና እየወሰደ ይመረምራል። በዕቃው ላይ የሚለጠፈው ምልክት “ይህ ዕቃ አይሰበርም” ማለት አይደለም። ትርጉሙ “ይህ ዕቃ የታወቀ ፈተና አልፏል፣ አምራቹም ኃላፊነቱን ወስዷል” የሚል ነው።

ምልክቱ የአገልግሎት ጊዜ አለው። ለምሳሌ የደኅንነት ቀበቶ በፀሐይና በአጠቃቀም ስለሚዳከም፣ አዲስ ቢመስልም በየሁለት ዓመቱ መታደስ ይኖርበታል። ጊዜው ያለፈበት ምልክት የተገኘበት መኪና ከውድድር በፊት በሚደረገው ፍተሻ ይታገዳል። የመለዋወጫ ዕቃ ትክክለኛነት በሻጩ ቃል ብቻ በሚታመንባቸው ገበያዎች ለሚኖር የመኪና ባለቤት ይህ አሠራር የሚያስተምረው ነገር አለው።

ኃይሉን መቀነስ አይሻልም?

ለተመልካች ቀላሉ መፍትሔ ይህ ይመስላል። የተሞከረበት ጊዜም አለ። በ2004 ዳረል ራስል የተባለ የቶፕ ፊውል አሽከርካሪ ሴንት ሉዊስ አቅራቢያ በደረሰ አደጋ ከሞተ በኋላ ማኅበሩ የናይትሮሜቴኑን መጠን ከ90 ወደ 85 በመቶ ዝቅ አደረገው።

ቡድኖቹ ግን የጠፋባቸውን ጉልበት በሌላ መንገድ መለሱት። አየሩን ይበልጥ በመጭመቅና ሱፐርቻርጀሩን ይበልጥ በማፍጠን ሞተሩን አስጨነቁት። በሜዳው ውስጥ የነበሩ ባለሙያዎች ይህ ሞተሮቹን ይበልጥ ለብልሽት እያጋለጠ ነው ሲሉ ተከራከሩ። በ2008 መጠኑ ወደ 90 በመቶ ተመለሰ።

የርቀቱ መቀነስም ተመሳሳይ ዕጣ ገጥሞታል። በ2005 ቶኒ ሹማከር በ402 ሜትር ጎዳና ላይ በሰዓት 543 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አስመዝግቦ ነበር። ዛሬ የቶፕ ፊውል መኪኖች ከዚህ የሚበልጥ ፍጥነት የሚይዙት በ305 ሜትር ውስጥ ነው። ለማቆሚያ የተገኘው ትርፍ ርቀት ባይጠፋም፣ ፍጥነቱ ግን ተመልሶ መጥቷል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ጉልበትን የሚገድብ ደንብ ከመሐንዲሶች ብልሃት ጋር የማያልቅ ትግል ውስጥ ይገባል። ስብርባሪን የሚያግድ ጋሻ ግን መሐንዲሱ ምንም ያህል ጉልበት ቢጨምር ከቦታው አይነሳም። ጋሻው ሊቋቋመው የሚገባው ኃይልም አብሮ እያደገ ስለሚሄድ መስፈርቱ በየጊዜው መከለሱ ግድ ነው።

ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው?

እያንዳንዱ አዲስ ግዴታ ሒሳብ ይዞ ይመጣል። የእነዚህ መኪኖች ሞተር ከእያንዳንዱ ውድድር በኋላ ተፈትቶ፣ ፒስተኑና ቢየላው ተመርምሮ፣ የፍሪሲዮኑ ሸክላ ተቀይሮ፣ ከአንድ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ እንደገና ይገጠማል። ብዙ ስፖንሰር ያለው ቡድን የተለያዩ ዕቃዎችን በመለዋወጫነት ተሸክሞ ይጓዛል። በቤተሰብ ገንዘብ የሚወዳደር ትንሽ ቡድን ግን አንድን ዕቃ እስከ መጨረሻ አቅሙ ይጠቀምበታል። አዲስ ጋሻ ግዴታ ሲሆን የሚሰማውም ሸክም የዚያኑ ያህል ይከብዳል።

በሌላ በኩል የሞተር ፍንዳታ ራሱ ውድ ነው። በአንዲት ቅጽበት የሞተር ግንድ፣ ቴስታታ፣ ሱፐርቻርጀርና የመኪናው ቅርፊት አብረው ሊጠፉ ይችላሉ። ስለዚህ የዙር ገደብን የመሳሰሉ ደንቦች ለደኅንነት ብቻ ሳይሆን ለኪስም ይጠቅማሉ። ቤንዚን በሚጠቀመው “ፕሮ ስቶክ” በሚባለው ዘርፍ በ2016 የሞተሩ ዙር በደቂቃ ከ10,500 እንዳይበልጥ ሲወሰን፣ ወጪን መቀነስ ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር።

ዋጋው የተመልካችንም ሕይወት ይነካል። በፌብሩዋሪ 2010 ፊኒክስ አቅራቢያ ከአንድ የቶፕ ፊውል መኪና የተነቀለ ጎማ ነጥሮ ተመልካች የሆነች ሴትን ገድሏል። ያ አደጋ የመጣው ከሞተሩ ባይሆንም፣ ከመኪናው የሚወጣ ማንኛውም ዕቃ አጥሩን ተሻግሮ ሊሄድ እንደሚችል አሳይቷል። ሱፐርቻርጀሩ በቀበቶ የሚታሰረው ከአጥሩ ባሻገር ልጆቻቸውን ይዘው ለተቀመጡትም ነው።

ቀጥሎስ?

የጆን ፎርስ አደጋ ለደንብ አውጪዎቹ ከባድ ጥያቄ ጥሎ አልፏል። ግጭቱ የደረሰው አጭሩ ርቀት፣ አውቶማቲክ ማቆሚያውና የሞተሩ ጋሻዎች ሁሉ ባሉበት ዘመን ነው። በእያንዳንዱ መኪና ላይ ያሉት መረጃ መዝጋቢ መሣሪያዎች አሁን የመጨረሻዎቹን ቅጽበቶች በሰከንድ ክፍልፋይ ይመዘግባሉ። የትኛው ዕቃ መጀመሪያ እንደተሰበረ ማወቅ በጋርሊትስ ዘመን ከነበረው ይልቅ ዛሬ ይቀላል።

አስቸጋሪው ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አንድ ዕቃ ሲጠናከር ጫናው ወደ ቀጣዩ ደካማ ዕቃ ይሸጋገራል። ፍሪሲዮኑ ሲታሸግ ችግሩ ወደ ሱፐርቻርጀሩ ሄዷል፤ ሱፐርቻርጀሩ ሲታሰር ወደ ፓራሹቱ፤ ፓራሹቱ ሲጠበቅ ደግሞ መኪናው ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት ቅጽበት የአሽከርካሪውን ጭንቅላት መጠበቅ ዋናው ጉዳይ ሆኗል።

ተመልካቹ የሚመጣው ምድር ሲንቀጠቀጥ ለመስማትና እሳት ለማየት ነው። አሽከርካሪውም ይህን ያውቃል። የደንቡ ሥራ ያንን እሳት ማጥፋት አይደለም። ሥራው እሳቱ ከተነሳ በኋላ በመኪናው ውስጥ ያለው ሰው በእግሩ እንዲወጣ፣ ከአጥሩ ባሻገር ያለውም በሰላም ወደ ቤቱ እንዲመለስ ማድረግ ነው።